መድኃኒት ከትእዛዝ ወረቀት እስከ ሕመምተኛው አልጋ፦ ለነርሲንግ ተማሪዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ ወደ ሕሙማን ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ለልምምድ ለሚወጡ የነርሲንግ ተማሪዎች የተጻፈ ነው። አንድ መድኃኒት በሐኪም ከታዘዘበት ሰዓት አንሥቶ ለሕመምተኛው ተሰጥቶ ውጤቱ እስኪታይ ድረስ ያለውን ሥራ በቅደም ተከተል ያስረዳል። በትምህርት ክፍል የተማራችሁት «ትክክለኛ ሕመምተኛ፣ ትክክለኛ መድኃኒት፣ ትክክለኛ መጠን፣ ትክክለኛ መንገድ፣ ትክክለኛ ሰዓት፣ ትክክለኛ ምዝገባ» የሚለው ዝርዝር እዚህም አለ፤ ነገር ግን ዝርዝሩን በቃል መያዝ ብቻውን ማንንም ስለማይጠብቅ፣ እያንዳንዱ «ትክክለኛ» በዐይንና በእጅ እንዴት እንደሚረጋገጥ ላይ አተኩሬአለሁ። ተማሪ እስከሆናችሁ ድረስ ማንኛውንም መድኃኒት የምትሰጡት ኃላፊነት ያለበት ነርስ ወይም አስተማሪ አጠገባችሁ ቆሞ ነው። እዚህ የተጻፈው መጠን ከምትሠሩበት ሆስፒታል የአሠራር ደንብ ጋር ከተለያየ የምትከተሉት የሆስፒታሉን ነው።

ስለ መድኃኒቱ አስቀድሞ ማወቅ

የማታውቁትን መድኃኒት አትስጡ። ወደ መድኃኒት ጠረጴዛው ከመሄዳችሁ በፊት ስለ እያንዳንዱ መድኃኒት ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ይኑራችሁ፦ ለዚህ ሕመምተኛ ለምን ታዘዘ? በምን መንገድ ገብቶ መቼ መሥራት ይጀምራል? በየትኛው አካል ተለውጦ በየት ይወጣል? ምን ጉዳት ሊያመጣ ይችላል? ከመስጠቴ በፊትስ ምን መለካት ይገባኛል?

መንገዱ የአደጋውን መጠን ይወስናል። በደም ሥር የተሰጠ መድኃኒት ወዲያውኑ በመላ ሰውነት ስለሚሠራጭ መልሶ ማውጣት አይቻልም። በአፍ የተወሰደው ግን ከአንጀት ተነሥቶ መጀመሪያ በጉበት ውስጥ ስለሚያልፍ ከፊሉ እዚያው ይቀራል፤ የሞርፊን የአፍ መጠን ከደም ሥሩ መጠን የሚበልጠውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ለአፍ የታዘዘን መጠን በደም ሥር መስጠት ትልቅ አደጋ ነው።

መውጫውም እንዲሁ መታወቅ አለበት። ጄንታማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ የሚወጣው በኩላሊት ሲሆን፣ የሕመምተኛው ሽንት ከቀነሰ መድኃኒቱ በደም ውስጥ እየተጠራቀመ ኩላሊቱን ራሱንና የውስጥ ጆሮን ይጎዳል፤ የሚጠፋው የመስማት ችሎታም ብዙ ጊዜ አይመለስም። ስለዚህ የሽንቱን መጠን መጠየቅና የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየውን የክሬአቲኒን የደም ምርመራ ውጤት መኖሩን ማየት የዚህ መድኃኒት አሰጣጥ አካል ነው።

መድኃኒቶች እርስ በርስ የሚነካኩበትንም መንገድ ተከታተሉ። የልብ ድካም ያለበት ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ሽንት የሚያበዛውን ፉሮሴማይድና ልብን የሚያግዘውን ዲጎክሲን አብሮ ይወስዳል። ፉሮሴማይድ ፖታሺየምን በሽንት ያስወጣል፤ የፖታሺየም ማነስ ደግሞ የዲጎክሲንን መርዛማነት ያባብሳል። ሁለቱን በተለያየ ምዕራፍ ያጠና ተማሪ ይህ ትስስር ሊያመልጠው ስለሚችል፣ ዲጎክሲን ከመስጠታችሁ በፊት የልብ ምቱን በስቴቶስኮፕ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። በአዋቂ ሰው ላይ ከ60 በታች ከሆነ መድኃኒቱን ሳትሰጡ ለሐኪሙ አሳውቁ፤ የፖታሺየሙንም ውጤት ጠይቁ። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ደግሞ የጉበትን ሥራ ስለሚያፋጥን የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን አቅም ያጣል፤ ኪኒኑን የምትወስድ ሴት ይህን ከእናንተ ልትሰማ ይገባል። ሽንቷ ብርቱካንማ ቀለም ሲይዝ ደንግጣ መድኃኒቱን እንዳታቋርጥም አስቀድማችሁ ንገሯት።

ሕመምተኛውን «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ብዙ ሰው የሀገር ባህል መድኃኒትን፣ ጎረቤት ያካፈለውን ኪኒን ወይም ያለ ማዘዣ የገዛውን ማስታገሻ እንደ መድኃኒት አይቆጥረውም። እያንዳንዱን በስሙ እየጠራችሁ ጠይቁ፤ ስትጠይቁም ፊታችሁ ላይ ወቀሳ አይታይ፣ ሰው የሚደብቀው ሲወቀስ ነውና።

ትእዛዙን ማንበብ

የተሟላ ትእዛዝ የሕመምተኛው ሙሉ ስምና የካርድ ቁጥር፣ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ ከነመለኪያው፣ መንገዱ፣ የሚደጋገምበት ሰዓት፣ የታዘዘበት ቀንና የሐኪሙ ፊርማ አለው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ወይም ጽሑፉ ካልተነበበላችሁ ያዘዘውን ሐኪም ጠይቁ። ከጎን አልጋ ላለው ሕመምተኛ የታዘዘውን አይቶ መገመት ወይም «ሁልጊዜ የሚሰጠው ይህ ነው» ብሎ ማለፍ ፈጽሞ አይገባም።

ለቁጥሮች የተለየ ጥንቃቄ አድርጉ። «5.0» ተብሎ የተጻፈ መጠን ነጥቡ ከደበዘዘ 50 ይሆናል፤ ከፊቱ ዜሮ ያልተጻፈለት ግማሽም 5 ተብሎ ይነበባል። ስለዚህ ራሳችሁ ስትጽፉ «5» እና «0.5» በማለት ጻፉ። የኢንሱሊንን መለኪያ «ዩኒት» ብላችሁ ሙሉውን ቃል አስፍሩ፤ በአንድ ፊደል ብቻ ሲያጥር ፊደሉ ዜሮ ይመስልና 4 ዩኒት 40 ይሆናል። ማይክሮ ግራም ሚሊ ግራም ተብሎ ከተነበበ ደግሞ ሕመምተኛው የታዘዘለትን ሺህ እጥፍ ያገኛል።

የቃል ትእዛዝ የምትቀበሉት በድንገተኛ ሁኔታ ብቻ ነው። በየክፍሉ ቁጥር ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሚነገር 15 እና 50 በጆሮ ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ የሰማችሁትን በአማርኛ «አሥራ አምስት፣ አንድ እና አምስት» ብላችሁ ጮክ አድርጋችሁ ድገሙት፣ ሐኪሙም «አዎ» ይበል። ከዚያ ወዲያውኑ ጻፉትና አስፈርሙ።

ሰዓቱና የአገልግሎት ዘመኑ

በሀገራችን ሕክምና ውስጥ ሁለት የሰዓት አቆጣጠር እና ሁለት የዘመን አቆጣጠር ጎን ለጎን ይሠራሉ። የውጭ መማሪያ መጻሕፍት ይህን ስለማያነሡ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እገልጸዋለሁ።

ሐኪሙ 8:00 ብሎ ቢጽፍ በአውሮፓ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያነበበው ነርስ ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ብሎ ሊረዳው ይችላል። በመካከላቸው የ6 ሰዓት ልዩነት አለ። የሚከተለውን ምሳሌ አስቡ። አንድ ሕመምተኛ በየ6 ሰዓቱ 1 ግራም ፓራሲታሞል ታዝዞለታል። የቀን ተረኛው እኩለ ቀን ላይ ሰጥቶ በሰንጠረዡ «6:00» ብሎ ይመዘግባል፣ በእርሱ ሐሳብ ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። ቀጥሎ የመጣው ተረኛ ግን ቁጥሩን በአውሮፓ አቆጣጠር አንብቦ ከጠዋቱ 12 ሰዓት የተሰጠ ይመስለዋል፤ የእኩለ ቀኑ ተረስቷል ብሎም ሌላ 1 ግራም ይሰጣል። ለአዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ የሚፈቀደው የፓራሲታሞል ጣሪያ 4 ግራም ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው ድግግሞሽ በተለይ ለከሳና ጉበቱ ለተጎዳ ሰው ትልቅ አደጋ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ክፍሉ የሚሠራበትን አቆጣጠር በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ፤ ስትጽፉ ሁልጊዜ «ጠዋት»፣ «ቀን»፣ «ምሽት» ወይም «ሌሊት» የሚለውን ቃል ከቁጥሩ ጋር አስፍሩ። በየ8 ሰዓቱ የታዘዘ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ከጠዋቱ 12፣ ከቀኑ 8 እና ከምሽቱ 4 ሰዓት ይሰጣል። ወደ ቤቱ ለሚመለስ ሕመምተኛም «በቀን ሦስት ጊዜ» ብቻ አትበሉት፤ ብዙ ሰው በቁርስ፣ በምሳና በእራት አድርጎ ስለሚረዳው ሌሊቱ ያለ መድኃኒት ያልፋል። የየሰዓቱን ስም ጠርታችሁ ንገሩት፤ ከዚያም መልሶ እንዲነግራችሁ አድርጉ።

የአገልግሎት ማብቂያ ቀን በአምፑልና በካርቶን ላይ የሚታተመው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። የእኛ ዓመተ ምሕረት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በ7፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት በ8 ዓመት ወደ ኋላ ስለሚቆጠር፣ በ2018 ዓ.ም. ቆሞ «06/2024» የሚለውን የሚያነብ ሰው ገና ስድስት ዓመት ቀርቶታል ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ መድኃኒቱ ግን በሰኔ ወር 2016 ዓ.ም. ጊዜው አልፎበታል። ወርና ዓመት ብቻ ከታተመ መድኃኒቱ የሚሠራው እስከዚያ ወር መጨረሻ ቀን ነው። የተከፈተ የኢንሱሊን ጠርሙስ ደግሞ ካርቶኑ ላይ ያለው ቀን ገና ቢሆንም ከተከፈተ 28 ቀን በኋላ ይወገዳል፤ ስለዚህ የከፈታችሁበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ጻፉ።

ስሌት

ስሌትን በአእምሮ አትሥሩ፤ በወረቀት ላይ ሥሩት። የታዘዘውን መጠን በእጃችሁ ባለው የመድኃኒት መጠን አካፍላችሁ፣ ያ መድኃኒት በሚገኝበት ፈሳሽ መጠን አባዙ።

3 ኪሎ የሚመዝን ጨቅላ በቀን አንድ ጊዜ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ጄንታማይሲን ታዘዘለት እንበል። የሚያስፈልገው 15 ሚሊ ግራም ነው። በእጃችሁ ያለው አምፑል በ2 ሚሊ ሊትር ውስጥ 80 ሚሊ ግራም ይይዛል፣ ማለትም በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 40 ሚሊ ግራም አለ። 15 ለ40 ሲካፈል 0.375 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ይህን ያህል ትንሽ መጠን በ5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ መለካት አይቻልም፤ የ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ያስፈልጋል። ካልተገኘ የሆስፒታሉ ደንብ እስከፈቀደ ድረስ ከአምፑሉ 1 ሚሊ ሊትር ስባችሁ 3 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ጨምሩበት፤ አሁን በ4 ሚሊ ሊትር ውስጥ 40 ሚሊ ግራም፣ በአንዱ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ስላለ የምትሰጡት 1.5 ሚሊ ሊትር ነው። ስሌቱን ስትጨርሱ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ውጤቱ ከአእምሮ ጋር ይስማማል? ለአንድ ጨቅላ ሙሉ አምፑል ወይም ከአንድ በላይ አምፑል የሚያስከፍት ስሌት ከገጠማችሁ ቁሙና ከመጀመሪያው ሥሩት። ሁለተኛው ሰው የእናንተን ወረቀት አይቶ «ልክ ነው» ከሚል ይልቅ ለብቻው ሠርቶ ውጤቱን ቢያስተያይ ማረጋገጡ እውነተኛ ይሆናል። የሕፃን ክብደትም በሚዛን የተለካ እንጂ በግምት የተነገረ አይሁን።

ለጠብታ የሚሠራው ስሌትም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። 1000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት እንዲያልቅ ከታዘዘና የመስጫው ቱቦ በ1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚያወርድ ከሆነ፣ 20000 ጠብታ ለ480 ደቂቃ ተካፍሎ በደቂቃ ወደ 42 ጠብታ ይመጣል። የቱቦው የጠብታ ቁጥር በማሸጊያው ላይ ስለሚጻፍ ሳታነቡ አትጣሉት።

ማዘጋጀት

እጃችሁን ታጠቡ፤ ከአንድ ሕመምተኛ በላይ መድኃኒት በአንድ ጊዜ አታዘጋጁ። የመድኃኒቱን ስም ሦስት ጊዜ አንብቡ፦ ከመደርደሪያው ስታነሡ፣ ከመሳባችሁ በፊት፣ ባዶውን አምፑል ከማስወገዳችሁ በፊት። በመስታወት አምፑል ላይ ያለው ጽሑፍ በእርጥብ ጣትና በአልኮል ጥጥ ስለሚለቅ፣ ከመጥረጋችሁ በፊት ወደ ብርሃን አስጠግታችሁ አንብቡት።

በክፍሎች ሁሉ በብዛት የሚበጠበጠውን ሴፍትሪአክሶን የተባለ አንቲባዮቲክ እንውሰድ። ለደም ሥር የሚሰጠው 1 ግራም ዱቄት በመርፌ ውሃ ተበጥብጦ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ይደረጋል፤ ዱቄቱ ራሱ ቦታ ስለሚይዝ የሚጨመረው ውሃ ከ10 ሚሊ ሊትር ትንሽ ያንሳል። ለሕፃን ከፊሉን ብቻ የምትሰጡ ከሆነ ይህ ትንሽ ልዩነት ዋጋ አለው። ዱቄቱ ፈጽሞ እስኪሟሟ ጠብቁ፣ ከዚያም ከ2 እስከ 4 ደቂቃ ባለ ጊዜ ቀስ ብላችሁ ስጡ። ለጡንቻ የሚሰጠው ሕመሙን ለመቀነስ በማደንዘዣው ሊዶኬይን ሊበጠበጥ ይችላል፤ በሊዶኬይን የተበጠበጠው ግን በደም ሥር ፈጽሞ አይሰጥም። ሴፍትሪአክሶን ከካልሲየም ጋር ሲገናኝ ስለሚረጋ ካልሲየም ያለበት ሪንገር ላክቴት የተባለ ፈሳሽ በሚወርድበት ቱቦ አይሰጥም፤ በደም ሥሩ ካልሲየም ለሚወስድ ጨቅላም ጭራሽ አይታዘዝም። ለፔኒሲሊን ከባድ አለርጂ ያለበትን ሰውም ከመጀመራችሁ በፊት ለሐኪሙ አስታውቁ።

የሳባችሁትን ሲሪንጅ ያለ ምልክት አታስቀምጡ። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና የሕመምተኛውን ስም በፕላስተር ላይ ጻፉና ለጥፉ። ራሳችሁ ያላዘጋጃችሁትን መድኃኒት አትውጉ፣ «ይቺን ለአልጋ 7 ስጪልኝ» ያለው ሰው የቱንም ያህል ልምድ ያለው ቢሆን።

የተለየ ጥንቃቄ የሚሹ መድኃኒቶች

ፖታሺየም ክሎራይድ። ይህ መድኃኒት ሳይቀጥን በደም ሥር ከተገፋ ልብን ያቆማል። አምፑሉ ከመርፌ ውሃና ከሳላይን አምፑል ጋር ስለሚመሳሰል በአንድ መሳቢያ ውስጥ መቀመጥ የለበትም። ብዙ ጊዜ የሚገኘው 15 በመቶው አምፑል በ10 ሚሊ ሊትር ውስጥ 20 ሚሊሞል ያህል ይይዛል። በትልቅ የፈሳሽ ጠርሙስ ውስጥ ተጨምሮ በደንብ ከተገለባበጠ በኋላ በእጅ ደም ሥር በሰዓት ከ10 ሚሊሞል ባልበለጠ ፍጥነት ይሰጣል። ሳይገለባበጥ ከተሰቀለ መድኃኒቱ ከታች ይከማችና መጀመሪያ የሚወርደው ጠብታ እጅግ የበረታ ይሆናል። ሽንት የማይወርድለትን ሕመምተኛ ፖታሺየም ከመጀመራችሁ በፊት ለሐኪሙ አሳውቁ።

ማግኒዥየም ሰልፌት። በእርግዝና ምክንያት ደም ግፊቷ ለጨመረና ለመንቀጥቀጥ ለተቃረበች እናት ሕይወት አዳኝ ነው። የመጀመሪያው 4 ግራም በደም ሥር የሚሰጠው ወደ 20 በመቶ ቀጥኖ ነው። በእጃችሁ 50 በመቶው ካለ 8 ሚሊ ሊትር ስባችሁ በ12 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውሃ አቅጥኑት፤ 20 ሚሊ ሊትር ይሆናል። እያንዳንዱን ቀጣይ መጠን ከመስጠታችሁ በፊት ሦስት ነገር አረጋግጡ፦ ትንፋሿ በደቂቃ 16 እና ከዚያ በላይ መሆኑን፣ የጉልበት ምላሿ (ከጉልበቷ በታች በመዶሻ ሲመታ እግሯ መወርወሩ) መኖሩን፣ ሽንቷ በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር መሆኑን። ከመመረዝ ምልክቶች ቀድሞ የሚታየው የጉልበት ምላሽ መጥፋት ስለሆነ የምላሽ መዶሻውን አልጋዋ አጠገብ አኑሩት። የማግኒዥየምን መመረዝ የሚቀለብሰው 10 በመቶ የሆነ 10 ሚሊ ሊትር ካልሲየም ግሉኮኔትም፣ ማለትም 1 ግራም፣ ከሲሪንጁ ጋር እዚያው ይዘጋጅ፤ ትንፋሽ ሲቆም መድኃኒት ቤት የሚላክበት ጊዜ አይኖርም።

ኢንሱሊን። 100 ዩኒት በ1 ሚሊ ሊትር የሚይዘው በኢንሱሊን ሲሪንጅ ብቻ ይለካል። ከመውጋታችሁ በፊት የደም ስኳሩን ለኩ፣ ምግቡም መድረሱን በዐይናችሁ እዩ። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም እናት ወይም በረመዳን የሚጾም አባት ይህን ሳይጠየቁ ላይናገሩ ይችላሉ፤ ጠዋት ኢንሱሊን ተወግተው ምግብ ሳይቀምሱ ከዋሉ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። «ዛሬ ይጾማሉ?» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁና መልሱን ለሐኪሙ አድርሱ።

አልጋው አጠገብ

«ወይዘሮ አልማዝ ነዎት?» ተብላ የተጠየቀች እናት ባትሰማም፣ ባይመለከታትም ከጨዋነት የተነሣ ራሷን ልትነቀንቅ ትችላለች። ስለዚህ «ሙሉ ስምዎን እስከ አያት ይንገሩኝ» በሉ፤ የምትነግራችሁንም ከካርድ ቁጥሩ ጋር አስተያዩ። የአልጋ ቁጥር መለያ አይሆንም፣ ሕሙማን ሌሊት አልጋ ይቀይራሉና። መናገር ለማይችል አስታማሚውን ጠይቁ፣ ካርዱንም እዩ። ከዚያ መድኃኒቱ ምን እንደሆነና ለምን እንደሚሰጥ ባጭሩ ንገሩ፤ ስለ አለርጂም እንደገና ጠይቁ። ሕመምተኛው «ትናንት የሰጣችሁኝ እንዲህ አልነበረም» ካለ መድኃኒቱን ይዛችሁ ተመለሱና ትእዛዙን ዳግም አንብቡ።

በካኑላ፣ ማለትም በደም ሥር ውስጥ በተተከለው ቀጭን ቱቦ፣ ከመስጠታችሁ በፊት በጥቂት ሳላይን ክፍት መሆኑን ፈትሹ፤ ቦታው ካበጠ ወይም ካመመ አትቀጥሉ። በአፍ የሚወሰደውን ደግሞ ሲዋጥ ቆማችሁ እዩ። ቀስ ብለው እንዲለቁ የተሠሩና ሽፋን ያላቸው ኪኒኖች በመጀመሪያ መድኃኒት ቤት ሳይጠየቅ አይፈጩም።

ከሰጣችሁ በኋላ

መዝግቡ፤ ከመስጠታችሁ በፊት ግን አትፈርሙ። ያልተሰጠ መድኃኒት ካለ ምክንያቱን ጻፉ። በአዲስ አንቲባዮቲክ የመጀመሪያ መጠን ላይ ከሕመምተኛው ሳትርቁ ቆዩ። ሽፍታ፣ የፊት ወይም የከንፈር እብጠት፣ የትንፋሽ መቆራረጥ፣ የደም ግፊት መውረድ ከታየ መድኃኒቱን አቁሙ፣ እርዳታ ጥሩ፤ ለአዋቂ ሰው 0.5 ሚሊ ግራም አድሬናሊን፣ ማለትም በ1 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ከሚይዘው አምፑል 0.5 ሚሊ ሊትር፣ በጭን ውጫዊ ጡንቻ ላይ ይወጋል፤ ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። አንቲሂስታሚንና ሃይድሮኮርቲዞን አድሬናሊንን አይተኩም፣ አድሬናሊኑንም አያዘገዩ።

ስሕተት ከተፈጠረ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ሕመምተኛውን እዩ፣ ትንፋሹን፣ የልብ ምቱንና የደም ግፊቱን ለኩ። ቀጥሎ ለኃላፊ ነርሱና ለሐኪሙ ወዲያውኑ ተናገሩ፤ በመደበቅ የሚያልፍ እያንዳንዱ ደቂቃ መድኃኒት የሚቀለበስበትን ዕድል ያጠባል። ከዚያም ምን እንደተሰጠ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን እንደታየና ምን እንደተደረገ በካርዱ ላይ ያለ ሰበብና ያለ ክስ ጻፉ። የስሕተት ሪፖርቱ ከካርዱ በተለየ ቅጽ ይሞላል። መድኃኒቱ በትክክል ተሰጥቶ ያልተጠበቀ ጉዳት ካደረሰ ደግሞ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያዘጋጀው ቢጫ ቅጽ አለ፤ በላዩ የመድኃኒቱን ስም፣ የምርት መለያ ቁጥሩንና የአምራቹን ስም ማስፈር ስላለባችሁ፣ ጉዳት የተጠረጠረበትን አምፑልና ካርቶን ቅጹ እስኪሞላ ድረስ አትጣሉ።